መንገዱ ከተከፈተ ቆየ

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? 39 ዓመቴ ነው። የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ከመሐል ሜዳ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ራቅ ብለው ነው የሚኖሩት። በ1998 የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወደቅኩ። በዚያው ሰሞን አባቴ ካሉን ሁለት በሬዎች ያረጀውን ገበያ አውጥቼ እንድሸጥ ላከኝ። በዋጋው ወይፈን ሊገዛበት፣ የተረፈውን ለማዳበሪያ ዕዳ ሊከፍልበት ነበር። በ1,800 ብር ሸጥኩት። ቤት አልተመለስኩም። በማግስቱ ከነብሩ አዲስ አበባ ገባሁ። ታናሽ ወንድሜ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበር፤ በዚያው ዓመት አቆመ።

የቀን ሥራ እየሠራሁ ማታ ተማርኩ። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዤ አንድ ድርጅት ውስጥ 11 ዓመት ሠራሁ። ዘንድሮ ሠራተኛ ሲቀንሱ እኔም ተቀነስኩ። አባቴ ያረፈው ኅዳር 2014 ነው። ጦርነቱ ደብረ ሲና ደርሶ መንገዱ ዝግ ስለነበር ልቅሶ አልደረስኩም። ከእናቴ ጋር በስልክ እንገናኛለን። ወንድሜ ግን አያናግረኝም። አምና ለእናቴ ቤት ቆርቆሮ መግዣ ብር ብልክ፣ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው አስይዞ መለሰልኝ።

አሁን ከተማው ሰልችቶኛል። ለምን እንደምኖርም ጠፍቶኛል። አገሬ ገብቼ በግ ማድለብ ልጀምር ነው፤ ለአካባቢው ወጣትም ሥራ ይሆናል። ባለቤቴ ‹መጀመሪያ ታረቅ› ትለኛለች። እኔ ሥራዬን ሲያዩ ይቅር ይሉኛል ባይ ነኝ። ምን ይመክሩኛል? ልጆቼንስ ይዤ ልሂድ?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ እዚህ ከወጣው አራት እጥፍ ይረዝማል። ያሳጠርኩት በጎቹን ነው። ስለ በረቱ ስፋት፣ ስለ መኖው፣ ለፋሲካ ስንት እንደምትሸጥ፣ በሁለተኛው ዓመት ስንት እንደምትደርስ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈሃል። ስለ ወንድምህ ትምህርት ግን ሦስት ቃል። «በዚያው ዓመት አቆመ»። እሷን አልነካኋትም፤ እንደጻፍካት ነው ያወጣኋት።

ባለቤትህ ልክ ናት። እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ለምን ልክ እንደሆነች ሳልነግርህ ብተው አንተም አትሰማኝም።

ከመንገዱ ልጀምር። ኅዳር 2014 መንገዱ ዝግ ነበር ብለሃል፤ እውነት ነው። እኔ ያኔ ደብረ ብርሃን ነበርኩ። ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሶ፣ ሰዉ ልጁን አዝሎ ፍራሹን ተሸክሞ ከተማው ውስጥ ይጎርፍ ነበር። ያን ሰሞን የመንዝ መንገድ ወደሚገነጠልበት ወደ ጣርማ በር ልሂድ ያለ ሰው እብድ ነው የሚባለው። ማንም አይፈርድብህም። ወንድምህም በዚያ ወር አይፈርድብህም፤ እሱ ራሱ አባታችሁን የቀበረው በምን ሁኔታ እንደነበር ያውቃል።

ነገር ግን ኅዳር ሳያልቅ ጦርነቱ ከዚያ ወደ ሰሜን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ መኪና መሄድ ጀመረ። ሙት ዓመቱ ኅዳር 2015 ነበር፤ ያኔም መንገዱ ክፍት ነው። አንተ አዲስ አበባ ደመወዝተኛ ነበርክ። ከላምበረት መናኸሪያ አንድ ቲኬት ነበር የሚያስፈልግህ። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ መንገዱ እንደገና የማያስተማምን ሆነ። አየኸው? መንገዱ ደህና በነበረበት ጊዜ አልሄድክም፤ ልሂድ ያልከው አሁን፣ ሥራ ስትፈታ ነው። እኔ ይህን ካየሁ፣ ወንድምህ አያየውም ብለህ ነው?

ክፉ ሰው ነህ አላልኩም። ፈሪ ነህ ነው ያልኩት። ፍርሃቱ ደሞ ይገባኛል።

አሁን ስለ በሬው። አንተ የሒሳብ ሰው ነህና 1,800 ብር ብለህ መዝግበኸዋል። ገበሬ ቤት ግን በሬ እንዲህ አይመዘገብም። ሁለት በሬ ያለው ሰው ጥማድ አለው። አንዱ የጎደለበት ሰው ግማሽ ጥማድ አለኝ አይልም፤ ምንም የለውም። አባትህ ከዚያ ቀን በኋላ የቀረለት መቀናጆ ነው። እንደሱ አንድ በሬ ያለው ሰው ይፈልጋል፤ ሁለቱን በሬዎች ይጠምዳሉ፤ ቀን ተከፋፍለው ያርሳሉ። ዝናቡ ግን ተራ አይጠብቅም። መሬቱ ረጥቦ ለእርሻ ልክ የሆነበት ቀን የሌላው ተራ ከሆነ፣ ቆመህ ታያለህ። ዘግይቶ የተዘራ ገብስ ፍሬው ሳይጠና ውርጭ ሲይዘው ምን እንደሚመስል ለመንዝ ልጅ እኔ አልነግረውም።

እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ያለ ልጅ ምን ይሆናል? ማንም ትምህርት አቁም አላለው ይሆናል። አንድ ቀን ለእርሻ ይቀራል። አንድ ሳምንት ለአጨዳ ይቀራል። ከዚያ መምህሩም መጥራቱን ይተወዋል።

ስለዚህ አንተ የወሰድከው የአባትህን በሬ ነው ብለህ ታስባለህ። አባትህ ይቅር ብሎህ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ የአባት ሆድ አይችልም። ወንድምህ ግን የሚጠይቅህ በሬውን አይደለም። የእሱን ነገር ገና ማንም አልጠየቀውም። ደብዳቤህ ውስጥ ስለ አባትህ ይቅርታ ሦስት ቦታ ጽፈሃል (ቆርጬዋለሁ)፤ ወንድምህን ይቅርታ ልጠይቀው የሚል አንድም ቦታ የለም።

ቆርቆሮውን ለምን እንደመለሰው አሁን ይገባህ ይሆናል። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላል ያገራችን ሰው፤ ቆርቆሮም አይላክለትም። ያ ብር ቤቱ ላይ ቢወጣ ኖሮ አገሩ ሁሉ «አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው አለበሰላቸው» ይል ነበር። ጓሳ ሣር እየተሸከመ ክዳኑን በየጊዜው ሲያድስ የኖረው ማን ነው? የአባታችሁን አርባ ያወጣው ማን ነው? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ሰውየው ሞኝ አልሆንም አለ፤ እኔ በበኩሌ አከበርኩት።

እንግዲህ በግ ይዘህ ብትሄድ ምን እንደሚፈጠር አስበው። አንድ ነገር ደሞ ልብ ያላልከው አለ፤ መሬት። በረት የሚሠራው፣ ሣር የሚታጨደው መሬት ላይ ነው። አባትህ ካረፈ በኋላ የመሬት ደብተሩ ወደ ማን እንደዞረ አልጻፍክም። ወንድምህ ጆሮ ላይ «በግ ላደልብ መጣሁ» የሚለው ነገር «መሬት ላካፍል መጣሁ» ተብሎ ነው የሚሰማው። መንዝ ውስጥ የአንድ ሰው ማሳ ምን ያህል እንደምታክል ታውቃለህ። የውርስ መብት ይኖርህ ይሆናል፤ እሱ የሕግ ነገር ነው፣ ለጠበቃ ነው። እኔ የምልህ ግን ሽማግሌዎቹ ፊት ከማንም በፊት አፍህን ከፍተህ «መሬት ፈልጌ አልመጣሁም» እንድትል ነው። ካልፈለግክ ማለቴ ነው። ከፈለግክ ደሞ ዝም ብለህ ከምትቀመጥ አሁኑኑ ለራስህ እወቀው፤ ያኔ ሌላ ደብዳቤ ነው የምትጽፍልኝ።

የሚቀድመው ልቅሶው ነው። አራት ዓመት አለፈው፣ ምን ልቅሶ አለ ብለህ ይሆናል። አለ እንጂ። አገር ቤት ያልተለቀሰ ልቅሶ አይዘጋም።

እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ። አክስቴ ነበረች ያሳደገችኝ ማለት ይቻላል። ስትሞት የማልተወው ሥራ ነበረኝ፤ አሁን ምን ሥራ እንደነበር እንኳ ረስቼዋለሁ። የሄድኩት በሰባተኛው ወር ነው። ቀስ ብዬ ልገባ፣ ስኳሬን ላስቀምጥ፣ እግዜር ያጽናችሁ ብዬ ልወጣ ነበር ሐሳቤ። አምስት ኪሎ ስኳር በፌስታል አንጠልጥያለሁ። ዳገቱን ስወጣ አንዲት ጎረቤት፣ የአክስቴ የማኅበር ጓደኛ፣ ከአጥር ወዲያ አየችኝ። ምንም አላለችኝም። ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ መቀነቷን ጠበቅ አደረገች፣ የአክስቴን ስም ጠርታ ልቅሶውን ራሷ አወጣችው። ከየቤቱ ሰው ወጣ። እኔ እዚያው መሐል መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አለቀስኩ አልልህም፤ ጮህኩ ነው የሚባለው። አንድ ሰው መጥቶ ፌስታሉን ከእጄ ሲቀበለኝ ጣቶቼ ደም አጥተው ነጭ ሆነው ነበር። ለካ ያን ያህል ጊዜ አላስቀመጥኩትም።

ከዚያ አስገቡኝ። ንፍሮ ቀረበ። የመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት ሁሉም ወቀሱኝ። አንዷ «እንዳንቺ ያለ ልጅ ከመውለድ» ብላ ጀመረችና ሌላዋ ተቆጣቻት። ከዚያ ቡና ፈላ። ማታ ላይ ስለ አክስቴ ሲያወሩ ሳቅ ነበር።

አንተም እንዲህ ነው የምትገባው። በዝምታ እንዳትገባ፤ ዝምታህን ኩራት ነው ይሉታል። እያለቀስክ ግባ። ወንድ ነኝ ምናምን እንዳትለኝ፤ መንዝ ውስጥ ወንድ ልጅ አባቱን ጮኾ ነው የሚያለቅሰው። ይወቅሱህ። አትመልስ። መንገዱ ዝግ ነበር የምትለዋን ነገር አንድ ጊዜ እንኳ እንዳትናገራት።

ግን ድንገት አትሂድ። ወንድምህን በሩ ላይ ማስደንገጥ ሌላ በደል ነው። አስቀድመህ ሰው ላክ፤ ሰዉንም ልምረጥልህ። እናትህን ዛሬ ደውለህ አንድ ነገር ጠይቃት፤ «በሬውን ከሸጥኩ በኋላ አባባ ከማን ጋር ነበር የተቀናጀው?» በላት። ያ ሰው በሕይወት ካለ የመጀመሪያው ሽማግሌህ እሱ ነው። በአንተ ምክንያት የአባትህን ችግር በገዛ በሬው የተካፈለ ሰው ነው። ወንድምህ ከሱ ጋር ሞፈር ይዞ ነው ያደገው። እሱ «ልጁ ልቅሶ ሊደርስ ይፈልጋል» ብሎ ቢናገር፣ የከተማ ዘመድ አሥር ጊዜ ስልክ ከሚደውል ይሻላል። ካለፈ ደሞ ልጁ ይኖራል። የአባትህን የንስሐ አባት ጨምርበት። ሦስተኛውን እነሱ ይምረጡ።

ሽማግሌ ፊት ስትቀርብ ዝርዝር አታብዛ። ፈተና ስለወደቅክ፣ ስላፈርክ፣ ልጅ ስለነበርክ… እሱን ሁሉም ያውቀዋል። «የአባቴን በሬ ሸጬ ጠፋሁ፤ ወንድሜን ከትምህርት ቤት አስወጣሁት፤ አባቴንም አልቀበርኩም» በል። ሦስት ነገር ነው። ከዚያ ዝም በል።

ካሣ ይቆረጥ ይሆናል። ቆራጩ አንተ አይደለህም። 1,800 ብሩን በኤንቨሎፕ ይዘህ እንዳትመጣ፤ በዛሬ ገበያ በግ እንኳ አይገዛም፣ መሳቂያ ነው የምትሆነው። ሽማግሌዎቹ አንድ በሬ ያሉ እንደሆነ፣ በሬ ነው። ሥራ ፈት ሆነህ በሬ መግዛት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ለበጎቹ ያስቀመጥካት ገንዘብ አለች አይደል? ከሷ ትነሣለች። መቶ በግ ሰማንያ ቢሆን ምን ይላል።

ወንድምህ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ላይልም ይችላል። ለዚህም ተዘጋጅ። ሽምግልና ባንድ ቁጭታ ያልቃል ያለህ ማን ነው? ቀጠሮ ይሰጡሃል፤ ትመለሳለህ። ደግመህ መምጣትህን ማየት ይፈልግ ይሆናል። 20 ዓመት የጠፋ ሰው አንድ ቅዳሜ ብቅ ስላለ ምን ዋስትና አለው?

በነገራችን ላይ፣ ለምን እንደምኖር ጠፍቶኛል ስላልከው እኔ ብዙ የምለው የለኝም። ስለ በግ ግን ትንሽ አውቃለሁ።

የመንዝ በግ ትንሽ ነው፣ ጸጉራም ነው፣ ብርድና ረሃብ ይችላል። ከሌላ ቦታ ትልልቅ አውራ አምጥቼ አዳቅላለሁ ብለሃል። ሰው ሞክሮታል። ትልቅ በግ ትልቅ ሆድ አለው፤ በጋ ላይ ሣሩ ሲያልቅ ትልቁ ነው ቀድሞ የሚከሳው። በአካባቢያችሁ ግን ሌላ ነገር ከተጀመረ ቆይቷል። ከ2001 ጀምሮ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ ገበሬዎች ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና ኢካርዳ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል ጋር የራሳቸውን በግ ከራሳቸው መንጋ እየመረጡ ያሻሽላሉ። ችግሩ ምን ነበር መሰለህ? ቶሎ ያደገው ወጠጤ ቶሎ ብር ያወጣል። ሰው ሲቸግረው መጀመሪያ ገበያ የሚያወጣው እሱን ነው። ስለዚህ ጥሩ ጥሩው እየተሸጠ፣ ቀጫጫው ቤት ቀርቶ አባት ይሆናል። በየዓመቱ የመንጋው ቁመና ያንሳል። እነሱ ያደረጉት ቀላል ነው። ግልገል ሲወለድ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ይመዘናል፣ ይጻፋል። አድጎም ይመዘናል። ከዚያ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ አውራ የሚሆነውን ይመርጣል፤ የተመረጠው ሳይሸጥ በጋራ ያገለግላል። የቀረው ይደልባል፣ ይሸጣል።

ነገሩ የቆመው መዝገብ ላይ ነው። የማን ግልገል፣ ከየትኛዋ እናት፣ በስንት ኪሎ፣ መቼ ተሸጠ፣ ድርሻው ስንት። 11 ዓመት ስትሠራ የኖርከው ሥራ ይኸው አይደለም እንዴ? እናንተ ሰፈር እንዲህ ያለ ማኅበር ይኑር አይኑር፣ ቢኖርም እንዴት እንደሚሠራ፣ ወንድምህ ያውቃል። በግ የሚያውቀው እሱ ነው፤ አንተ የምታውቀው ደብተር ነው። እሱን መምህርህ አድርገህ ብትጠይቀው ምናልባት… እንጃ። ብቻ በመጀመሪያው ጉዞ እንዳትጠይቀው። በሁለተኛውም። ስለ በግ ራሱ ሲያነሣ ጠብቅ፤ ገበሬ ነው፣ ማንሣቱ አይቀርም።

«ለወጣቱ ሥራ እፈጥራለሁ» የሚለውን ነገር ለጊዜው ተወው። ባለውለታ ሆኖ መግባት ደስ ይላል። አንተ ግን የምትገባው ባለዕዳ ሆነህ ነው። ማንም ባለዕዳ ሥራ ፈጠራ ሲያወራ ሰው በዓይኑ ይጣቀሳል።

ስለ ልጆቹ። በመጀመሪያው ጉዞ አይሂዱ። አንደኛ፣ መንገዱ እንደምታውቀው ነው። ከመነሣትህ በፊት እዚያው ላለ ሰው ደውለህ የዚያን ቀኑን ሁኔታ ጠይቅ፤ በዜና አትሂድ። ቆይ ካሉህ ቆይ፤ እነሱ ቆይ ሲሉህ ግን እንጂ አንተ ለራስህ ስትል አይደለም። ሁለተኛ፣ አያታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩ አባታቸው ሲወቀስ ባይሰሙ ይሻላል። ባለቤትህ እመጣለሁ ካለች ግን ይዘሃት ሂድ። ደብዳቤህ ውስጥ ካሉት ሰዎች ነገሩ ቀድሞ የገባት እሷ ናት።

ለወንድምህ ምንም አትያዝ። ምንም። ለእናትህ ቡና ያዝላት። ጣርማ በር ላይ ተገንጥለህ መዘዞ ስትደርስ ብርዱ ይጀምርሃልና ጋቢ አትርሳ። ቡናውን ደሞ የተፈጨ እንዳትገዛ፤ ጥሬውን ግዛ። እናትህ ራሷ ትቁላው፤ ሽታው ለጎረቤት ይድረስ።